ለሚና ጨዋታ አዲስ ሙያ እንዴት ይዘጋጃል?

በገዳሪፍ አካባቢ ክረምት ሲገባ ጥቁሩ መሬት ጭቃ ሆኖ መኪና የማያስገባበት፣ ልጆችም ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የሚውሉበት ቦታ የሚያጡበት ወቅት መሆኑ ከማናችንም የተሰወረ አይደለም። እኛ በካምፑ ውስጥ የምናስተምር ጥቂት መምህራን ይህንኑ ምክንያት በማድረግ፣ ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 17 ዓመት ከሆነ ልጆች ጋር በአንድ ራኩባ ሥር እየተሰበሰብን የሚና ጨዋታ መጫወት ጀምረናል። ጨዋታውን የተመለከቱ ወላጆችና በሌሎች ዞኖች የሚያስተምሩ ባልደረቦቻችን ብዙ ጥያቄዎች አቅርበውልናል። ከሁሉም ተደጋግሞ የተነሣው «ለልጆቹ የምትሰጧቸውን ሙያ የምታዘጋጁት በምን መመዘኛ ነው?» የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ መልሱን ከነስሕተታችን ለማስረዳት እንሞክራለን።

ጨዋታው ምንድን ነው?

በሚና ጨዋታ አንድ አጫዋችና ከአራት እስከ ስድስት የሚሆኑ ተጫዋቾች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። አጫዋቹ ታሪኩን ይጀምርና «ከወንዙ ዳር ደርሳችኋል፤ ውኃው ሞልቷል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። እያንዳንዱ ተጫዋች በታሪኩ ውስጥ የአንድን ሰው ሚና ይዟልና በዚያ ሰው አንደበት ይመልሳል። አደርገዋለሁ ያለው ነገር አስቸጋሪ ከሆነ መሳካት አለመሳካቱ በዕጣ ይለያል። ተረት ከመንገር ብዙም አይርቅም፤ ልዩነቱ የተረቱን መጨረሻ አጫዋቹም ጭምር አስቀድሞ አለማወቁ ነው።

«ሙያ» የምንለው ገጸ ባሕርዩ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል የሚወስነውን ደንብ ነው። አንዱ ነጋዴ፣ አንዱ እረኛ፣ አንዱ መንገድ መሪ ይሆናል።

ይህ ዓይነት ጨዋታ በመጽሐፍ መልክ ታትሞ ለገበያ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ ነው። ስሙ ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ሲሆን ያዘጋጁትም ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ናቸው። በመጀመሪያው እትም የነበሩት ሙያዎች ሦስት ብቻ ነበሩ፤ እነርሱም ተዋጊ፣ አስማተኛና የሃይማኖት ሰው ናቸው። በማግስቱ ዓመት ሌባ ተጨመረ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የተጫዋቾች መመሪያ ደግሞ 12 ሙያዎችን ይዘረዝራል። ከዚህ የምንረዳው ሙያዎቹ አንዴ ተወስነው የቀሩ አለመሆናቸውን ነው። ተጫዋቾች አንድ ነገር የጎደለ መስሎ በታያቸው ቁጥር ሲጨምሩ፣ ሲቀንሱና ሲያሻሽሉ ኖረዋል። እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው።

ከሰንጠረዥ የምንማረው

ነገሩ ለእኛ ፍጹም እንግዳ አይደለም። የጨዋታው የዘር ሐረግ ወደ ኋላ ቢቆጠር ሰንጠረዥ ላይ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1780 በጀርመን አገር በብራውንሽቫይግ ይኖር የነበረ ሄልቪግ የተባለ የሒሳብ መምህር ሰንጠረዥን አስፍቶ ልዩ ልዩ መልክዓ ምድር ያለበት የጦር ጨዋታ አዘጋጀ። እ.ኤ.አ. በ1824 በፕሩሲያ የታተመው የመኮንኖች ማሠልጠኛ ጨዋታ ደግሞ ዳኛና ዕጣ ጨመረበት። የዛሬው አጫዋች የዚያ ዳኛ ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

በአገራችንም ሰንጠረዥ የመኳንንት ጨዋታ እንደነበረ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ወደ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሳልት፣ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ መጫወት ይወዱ እንደነበር ጽፏል። በአገራችን ሰንጠረዥ እያንዳንዱ ወገን ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደርና መደቅ አለው። ሁሉም የየራሱ አካሄድ አለው። ለምሳሌ ፊልን ብንወስድ በማዕዘን በኩል ሁለተኛው ቤት ላይ ዘልሎ ያርፋል፤ በመካከሉ ያለ ማንም አያግደውም። ይህ ትልቅ ችሎታ ነው። ነገር ግን ከ64ቱ ቤቶች አንድ ፊል በዕድሜው ሙሉ ሊረግጣቸው የሚችለው 8ቱን ብቻ ነው። ተማሪዎቻችን ይህን በመሬት ላይ ሥለው ቆጥረው ደርሰውበታል።

ሰንጠረዡን የሠሩት ሰዎች ፊልን ሲፈጥሩ የሰጡትንና የከለከሉትን አመዛዝነው ነበር። ከዚህም ሌላ በጥንቱ ልማድ በደር ወይም በፈረስ ንጉሥን መያዝ እንደ ተራ ነገር ሲቆጠር፣ በደካማው በመደቅ መያዝ ግን ያስመሰግን ነበር። እኛ ይህን ያስተዋልነው ከተሳሳትን በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ስሕተታችን

ጨዋታውን ስንጀምር ለልጆቹ ገጸ ባሕርይ ሦስት ጠባያትን መረጥን፤ ጉልበት፣ ብልሃትና አንደበት። የአሜሪካው ጨዋታ ስድስት ጠባያት ቢኖሩትም፣ ሦስቱ በግማሽ የደብተር ገጽ ላይ ስለሚያልቁልን በቂ ሆነው አገኘናቸው። ለዕጣው ከ1 እስከ 6 የተጻፈባቸውን ስድስት ወረቀቶች በቆርቆሮ ውስጥ አደረግን። ተጫዋቹ አንዱን አውጥቶ ካየ በኋላ ይመልሰውና እንደገና ያወጣል። ሁለቱ ተደምረው የጠባዩ ነጥብ ይታከልበታል። ድምሩ 8 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ነገሩ ተሳካ ማለት ነው። ለከባድ ነገር 10 እንጠይቃለን።

ለወታደሩ ጉልበት 4 ሰጠነው። ወታደር ጠንካራ መሆን አለበት ብለን ነው። በሦስተኛው ቀን ከልጆቹ መካከል ወታደር መሆን የማይፈልግ አልነበረም። ነጋዴውም እረኛውም ዳር ተቀምጠው ተመልካች ሆኑ። አጫዋቹ ምን ጥያቄ ቢያቀርብ መልሱ «እመታዋለሁ» ነበር። ቀጥሎ ልጆቹ ወታደርነቱን ለመቀማማት ተጣሉ። በመጨረሻም በጨዋታው ውስጥ የጀመረው ክርክር «እናንተ የመጣችሁበት፣ እኛ የመጣንበት» ወደሚል ንግግር ዞረ። ይህን ስንሰማ ጨዋታውን አቁመን ለሁለት ሳምንት ተለያየን።

በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ስሕተቱን በሒሳብ ፈለግነው። ሁለት ጊዜ የሚወጣ ዕጣ በጠቅላላው 36 ዓይነት አወጣጥ አለው። 8 ወይም ከዚያ በላይ ለማግኘት፦

ነጥብ የሌለው ሰው ከ36ቱ በ15ቱ ይሳካለታል።
1 ነጥብ ያለው በ21ዱ።
2 ነጥብ ያለው በ26ቱ።
3 ነጥብ ያለው በ30ው።
4 ነጥብ ያለው በ33ቱ።

የእኛ ወታደር ከ36 ጊዜ የሚሳሳተው ሦስት ጊዜ ብቻ ነበር። የማይሳሳት ሰው ጓደኛ አያስፈልገውም፤ ጓደኛ የማያስፈልገው ሰው ባለበት ደግሞ ሌሎቹ ቁጭ ብለው ከማየት በቀር ሥራ የላቸውም። ስለዚህ ጥፋቱ የልጆቹ ሳይሆን የእኛው ደንብ ነበር።

አንድን ሙያ ለማዘጋጀት የምንጠይቃቸው አምስት ጥያቄዎች

ከዚያ በኋላ ማንኛውንም አዲስ ሙያ ስናዘጋጅ ወይም የቆየውን ስናሻሽል እነዚህን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል እንጠይቃለን።

ሀ. ከእርሱ በቀር ሌላው የማይችለው አንድ ነገር ምንድን ነው? አንድ ብቻ። ሁለት ከሆነ የሌላውን እንጀራ ወስዷል ማለት ነው።

ለ. የማይችለው ምንድን ነው? ይህ ከችሎታው ጋር አብሮ መጻፍ አለበት።

ሐ. ሥራውን ለመሥራት ከሌላ ሙያ ምን ይፈልጋል?

መ. ሦስቱ ጠባያት ስንት ስንት ይሁኑ? የሁሉም ሙያ ድምር 3 ነው። ከ2 በላይ የሚሰጠው ጠባይ የለም።

ሠ. ሲያድግ ምን ይጨመርለታል? አንድ ጉዞ በጨረሰ ቁጥር አንድ ነገር ይማራል፤ የተማረው ግን በ«ለ» ተራ የተጻፈውን እንዳይሽረው እንጠነቀቃለን።

ምሳሌ፦ ወጌሻ

የአሜሪካው ጨዋታ ቁስለኛን የሚፈውሰው የሃይማኖት ሰው አለው። ጸሎት አድርሶ ወዲያው ይፈውሳል። ይህን በእኛ ልጆች መካከል እንዳለ ማምጣት አልወደድንም። የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ልጅ አብሮ በሚጫወትበት ቦታ ጸሎትን በዕጣ መመዘን ተገቢ ሆኖ አልታየንም። ስለዚህ ሙያውን ወደ ወጌሻ ለወጥነው። ወጌሻን የማያውቅ የአገራችን ሰው የለም።

ወጌሻ የሚችለው የተሰበረና የተወለቀ አካል መጠገን ነው፤ ለዚህ ዕጣ አያወጣም፣ ያውቀዋልና። የማይችለው ትኩሳት፣ ወባና የእባብ መርዝ ማከም ነው። መሣሪያም አይዝም። ከሌሎች የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ ማሰሪያ ጨርቅ ከነጋዴው፣ መደገፊያ እንጨት ከእረኛው። ጠባዩ ጉልበት 1፣ ብልሃት 2፣ አንደበት 0 ነው። አንደበቱን ባዶ ያደረግነው ሆን ብለን ነው፤ ታማሚው እየጮኸ እንዲተኛ የሚያግባባው ሌላ ሰው እንዲያስፈልግ ነው።

ሲያድግ የተለያየ ቅጠል መለየት ይማራል፤ ቢሆንም ወባን ማዳን አይማርም።

(በዚህ አጋጣሚ ልናሳስብ የምንወደው፣ ይህ ጨዋታ መሆኑን ነው። የእውነት ስብራት የደረሰበት ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ክሊኒክ ይወሰድ።)

ዋጋው ስንት ይሁን?

ከሁሉም የከበደን ይህ ነበር። ታሪካችን የሲራራ ጉዞ ነው። ነጋዴዎቹ ቡናና ሰም በበቅሎ ጭነው ከጎንደር ይነሡና በጭልጋ አድርገው ወደ መተማ ገበያ ይወርዳሉ። መተማ በ19ኛው መቶ ዓመት የታወቀ የድንበር ገበያ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1862 በዚያ ያለፈው ሳሙኤል ቤከርም ገበያውን ገልጾ ጽፏል። ይህን ታሪክ የመረጥነው መንገዱ ብዙዎቻችን የምናውቀው፣ ዘመኑ ግን ከእኛ ዘመን የራቀ ስለሆነ ነው።

ጉዞው ስምንት ምዕራፍ አለው። ቡድኑ 12 ጠጠር ይዞ ይነሣል፤ ጠጠሩ ስንቅ ነው። ለእያንዳንዱ ምዕራፍ አንድ ጠጠር ይበላል። ስለዚህ አራት ጠጠር ይተርፋል ማለት ነው።

መጀመሪያ ወጌሻው ያለ ዋጋ እንዲጠግን አደረግን። በዚህ ጊዜ ማንም ስብራትን የሚፈራ ጠፋ፤ ልጆቹ ከገደል እየዘለሉ ይስቁ ነበር። ቀጥለን አራት ጠጠር አስከፈልን። አሁን ደግሞ ወጌሻውን የሚጠራ ጠፋ፤ ሙያውን የያዘችው ልጅም «እኔ ለምን መጣሁ?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄዋ ትክክል ነበር። በመጨረሻ ሁለት ጠጠር አደረግነው፤ ታማሚው ሲያርፍ ቡድኑ አብሮ ስለሚቀመጥ ስንቅ ያልቃል የሚል ነው ምክንያቱ። በዚህ ሒሳብ በአንድ ጉዞ ሁለት ሰው መጠገን ይቻላል። ሦስተኛው ሲሰበር ግን መምከር ግድ ይሆናል።

የሙያ ዋጋ ትክክል መሆኑ የሚታወቀው እንዲህ ነው፤ በነጻ የሚባክን ከሆነ ረክሷል፣ ማንም የማይጠራው ከሆነ ተወዷል፣ ልጆቹ ከተከራከሩበት ግን ልኩን አግኝቷል።

በጓንግ ወንዝ ላይ የሆነው

አዲሱን ደንብ የፈተንነው በአምስት ልጆች ነበር። ወታደሩ ቀርቶ በምትኩ ጉልበት 2፣ ብልሃት 0፣ አንደበት 1 ያለው «ዘበኛ» ገባ። ሱዳን ሲገባ አትባራ ከሚባለው ከጓንግ ወንዝ ሲደርሱ ስድስቱን ምዕራፍ ጨርሰዋል። በመንገድ አንድ ሰው አስጠግነዋል፤ ሁለት ጠጠር ደግሞ ዝናብ አበላሽቶባቸዋል። የቀራቸው ሁለት ጠጠርና ሁለት ምዕራፍ ነው። ልክ ይበቃቸዋል።

ዘበኛው በቅሎዋን ከውኃ ለማውጣት ሲታገል ዕጣው ከዳው፤ እግሩ ተሰበረ።

ልጆቹ ወደ አንድ ሰዓት ገደማ ተከራከሩ። ነጋዴው «እርሱን ከመንደር ትተን ሸጠን ስንመለስ እንወስደው» አለ። እረኛው እኔ አብሬው እቀራለሁ አለ። ከዚህ በፊት ለመምታት ሁልጊዜ የሚቀድመው፣ አሁን ዘበኛውን የሚጫወተው ልጅ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ብሎ ሌሎች ስለ እርሱ ሲመክሩ ሰማ። ወጌሻዋ 14 ዓመቷ ነው፤ ሁሉም ከተናገሩ በኋላ «ጠጠሩን ስጡኝ» ብቻ አለች። ሰጧት። የመጨረሻዎቹን ሁለት ምዕራፎች ያለ ስንቅ ተጓዙ። ስንቅ ያለቀበት ቡድን ከሚያወጣው ዕጣ ላይ አንድ ይቀነስበታልና ብዙ ነገር ሳይሳካ ቀረ። ቡናውም በመንገድ በእህል ተለወጠ። መተማ የደረሱት ባዶ እጃቸውን፣ ነገር ግን አምስቱም ሆነው ነው። ማን አሸነፈ ብሎ የጠየቀ ልጅ አልነበረም። «ነገ እንደገና እንጀምር» አሉ።

ሆኖም በዚያው ቀን ሌላም ነገር ሆኗል፤ እርሱን መደበቅ ተገቢ አይደለም። ክርክሩ ሲጦፍ በዳር ይመለከት የነበረ አንድ ልጅ ተነሥቶ ሄደ። በማግስቱ እናቱን አግኝተን ስናነጋግር ቤተሰቡ በስደት መንገድ ላይ ሰው ጥሎ ለመምጣት የተገደደ መሆኑን ነገሩን። አናውቅም ነበር፤ ነገር ግን መገመት ነበረብን። በዚህ ካምፕ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ያልደረሰበት ቤት ጥቂት ነውና።

ስለዚህ ከሙያዎቹ ሁሉ በላይ የሚቆሙ ሦስት ደንቦች ጨመርን። አንደኛ፣ ማንኛውም ልጅ፣ ተመልካችም ቢሆን፣ መዳፉን መሬት ላይ ካሳረፈ ታሪኩ ወዲያው ወደ ሌላ ቦታ ይዞራል፤ ለምን ተብሎ አይጠየቅም። ሁለተኛ፣ በዘመናችን ያለ ጦር፣ ወገን ወይም ብሔር በጨዋታው ውስጥ በስም አይጠራም። ሦስተኛ፣ የልጁን የራሱን የስደት ታሪክ እርሱ ካላመጣው በቀር አጫዋቹ አያመጣውም። ልጁ ከአሥር ቀን በኋላ ተመልሶ መጥቷል። እረኛ መሆን መረጠ።

ለወላጆች

አንዳንድ ወላጆች «አስማት አለበት ይባላል» ሲሉ ሥጋታቸውን ገልጸውልናል። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዓመታት ብዙ ወላጆች ይህንኑ ሥጋት አንሥተው ነበር። እኛ አስማተኛውን አውጥተን በምትኩ የቆሎ ተማሪን ወይም ደረሳን አስገብተናል። የሚችለው ማንኛውንም ጽሑፍ ማንበብና በደረሰበት መንደር ሁሉ ማደሪያ ማግኘት ነው። የማይችለው ጭነት መሸከምና መሣሪያ መያዝ ነው፤ ያለው ለውሻ የሚሆን ዱላ ብቻ ነው። ልጁ ክርስቲያን ቢሆን ሙስሊም፣ ከሁለቱ አንዱን መርጦ ይጫወታል። የሙያው ደንብ አንድ ነው።

ስለ ጥናት ሰዓት ለሚጨነቁም ወላጆች፣ ጨዋታው በሳምንት ሁለት ቀን ከአንድ ሰዓት ተኩል እንደማይበልጥ፣ የቤት ሥራውን ያልሠራ ልጅም እንደማይገባ እናስታውቃለን። ከላይ ያየነውን የ36ቱን ዕጣ ሒሳብ ልጆቹ ራሳቸው በደብተራቸው ሠርተውታል።

ለመጀመር የሚያስፈልገው አንድ ቆርቆሮ፣ ስድስት ቁራጭ ወረቀት፣ 12 ጠጠርና ለእያንዳንዱ ልጅ ግማሽ የደብተር ገጽ ነው። አዲስ ሙያ ስታዘጋጁ በልጆቹ ፊት ቢያንስ ሦስት ጊዜ ሳትፈትኑ ደንቡን አታጽድቁ፤ ያልሠራውን ሰርዛችሁ እንደገና ጻፉ። አዋላጅ፣ ሸክላ ሠሪና አዝማሪ እስካሁን አልተዘጋጁም። አዝማሪውን ሁለት ጊዜ ሞክረን፣ አንደበቱ ሁሉን ነገር እየፈታ አስቸግሮናል። ለእርሱ ተገቢ የሆነውን «አይችልም» ያገኘ ባልደረባ ካለ ከትምህርት በኋላ በራኩባው ሥር ይፈልገን፤ ልጆቹም እየጠበቁ ነው።